ላፕቶፑን ከመቀየራችን በፊት ውስጡ ያለውን እንቁጠር



ባለፈው ዓርብ ስብሰባችን ላይ የማኅበራችን ላፕቶፕ ነገር ተነስቶ ሳይቋጭ ተበተንን። ላፕቶፑ በተከፈተ ቁጥር የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል የሚል ማስታወቂያ ያወጣል። ግማሾቻችሁ «ይሠራል አይደል? ለምን እንነካካዋለን?» አላችሁ። ግማሾቻችሁ ደግሞ «አርጅቷል፣ ከመዋጮው አውጥተን አዲስ እንግዛ» አላችሁ። መዝገቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ያን ቀን ብዙ መናገር አልፈለግሁም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ሰሃን ሳጥብም ልብስ ስተኩስም ሐሳቡ አልለቀቀኝም። እዚህ ልጻፈውና ዓርብ ስትመጡ ተከራከሩኝ።

መጀመሪያ የሆነውን ነገር እንረዳው። ዊንዶውስ 10 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ማይክሮሶፍት ለአሥር ዓመት በየወሩ ጥገና ሲልክለት ቆይቶ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ አቆመ። ኮምፒውተሩ ይዘጋል ማለት አይደለም። እንደ ትናንቱ ይከፈታል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። የቀረው ጥገናው ነው። እስከ ዛሬ ሌባ አዲስ መክፈቻ ባገኘ ቁጥር ድርጅቱ ቁልፉን ይቀይርልን ነበር፤ አሁን ዝም ብለን ከተቀመጥን የሚቀይርልን የለም።

«የእኛን ላፕቶፕ ማን ይፈልገዋል?» ያለች እህት ነበረች። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ወደ 150 በሚሆኑ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ «ገንዘብ ካልከፈላችሁ ፋይላችሁን አታገኙም» አለ። እንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ ሰረዙ። ቫይረሱ ሰው መርጦ አልገባም፤ ክፍት በር ያገኘበት ሁሉ ገባ። የሚያሳዝነው ማይክሮሶፍት ጥገናውን ከሁለት ወር በፊት ልኮት ነበር። ጥገናውን በጊዜው ያደረገ ዳነ፣ ነገ ዛሬ ሲል የቆየ ተያዘ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

እስቲ አሁን የእኛን ፎልደር ክፈቱት። የፓስፖርት ኮፒ አለ። የኢቃማ ፎቶ አለ። የመጣንበት የሥራ ውል አለ። ደመወዝ የተከለከለች እህት በየወሩ የጻፈችው ሒሳብ አለ። በየመን በኩል በባሕርና በእግር አቋርጠው የመጡ፣ መንገድ ላይ ወረቀታቸው የጠፋባቸው እህቶች ከቤተሰብ ያስላኩት የቀበሌ መታወቂያ ፎቶ አለ። የሁላችንም ስልክ፣ አገር ቤት ያለ የተጠሪ ስምም እዚያው ነው።

አንዲት እህታችን ሳምጣ አካባቢ ከምትሠራበት ቤት ስትወጣ ፓስፖርቷ አሠሪዋ ዘንድ ቀረ። የሠራተኛ ፓስፖርት መያዝ በሳውዲ ሕግ ክልክል ነው፤ ግን ክልክል መሆኑ ያን ቀን አልረዳትም። የረዳት ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ኮፒ ነው። ጅዳ ያለው ቆንስላችን ከዚህ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የፓስፖርቷን ቁጥር በስልክ አንብበንላት ነው ጉዳይዋ የተጀመረው።

ስለዚህ እኔ ጥያቄውን «አሮጌ ይሻላል ወይስ አዲስ?» ብዬ አልጠይቅም። የምጠይቀው «ውስጡ የማን ወረቀት ነው ያለው? ቢጠፋ ወይም ክፉ ሰው እጅ ቢገባ ማን ይጎዳል?» ብዬ ነው። ላፕቶፑ ዘፈን ማዳመጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደዚሁ ይኑር እል ነበር። የእናንተን አደራ ተሸክሞ ግን ቁልፉ በማይጠገን ማሽን ኢንተርኔት ላይ መቀመጥ የለበትም።

ይህን ስል ነገውኑ ወደ ሱቅ ይዛችሁት ሩጡ ማለቴ አይደለም። እኔ የተማርኩት በኪሳራ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የራሴን አሮጌ ላፕቶፕ «ዊንዶውስ ቀይርልኝ» ብዬ አንድ ሱቅ ሰጠሁ። ልጁ ፎርማት አደረገው። ስወስደው ፈጥኗል፣ አምሯል፣ ባዶ ሆኗል። የእናቴ የመጨረሻ ፎቶዎች እዚያ ውስጥ ነበሩ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ኮፒ አድርገሻል ወይ ብሎ በዐረብኛ ጠይቆኝ ነበር፣ እኔ በደንብ ሳይገባኝ «አይዋ» አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ኮፒ ማድረግ ነው። ሁለት ፍላሽ እንግዛ፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ አቡ አሪሽ ካለችው ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ይቀመጥ። ፋይሎቹን ሰቨን ዚፕ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በፓስዎርድ እንቆልፋቸው፤ ፍላሽ ትንሽ ነገር ነው፣ ይጠፋል። ሌላም አለ፦ የድሮ ደብዳቤዎቻችን በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይሆናሉ። አሁን እዚሁ ላይ እያሉ ፒዲኤፍ እናድርጋቸው።

ሁለተኛው ማሽኑን መመርመር ነው። ዊንዶውስ 11 ሁሉም ላይ አይገባም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ እና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። ኢንቴል ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ ያለ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ከ«አይ 5» ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ፤ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው፣ 10210 ከሆነ 10ኛ ነው። የእኛው 7200 ይላል፤ 7ኛ ነው። አያልፍም። ሱቅ ውስጥ በጓሮ በር አስገብቶ የሚጭን ሰው አይጠፋም፤ ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነ ማሽን ጥገናው እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ጥገና ፍለጋ ወጥተን ጥገና የሌለው ነገር ይዘን መመለስ ይሆናል።

ታዲያ አዲስ እንግዛ? አሁን አይደለም ባይ ነኝ። መዋጮው ለታመመች፣ ሰው ለሞተባት፣ የአገር ቤት ትኬት ለጎደላት ነው። ደግነቱ መሸጋገሪያ አለ። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 ላይ ለቀሩ የግል ተጠቃሚዎች እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ የደኅንነት ጥገናውን የሚያራዝም ምዝገባ ከፍቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብታችሁ የማሽኑን ሴቲንግ ባክአፕ ካደረጋችሁ በነጻ ነው፤ ያለዚያ 30 ዶላር። የሚመዘገበው ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ ነው። ባክአፑ ሲጠይቀን ሴቲንጉን ብቻ እንፍቀድ፣ የእህቶችን ፎልደር አንላክ። የአካውንቱን ፓስዎርድ ደግሞ ሁለት ሰው ይያዘው፤ እኔ ድንገት አገር ብገባ ማኅበሩ በር ላይ እንዳይቀር።

ያ ጊዜ እስኪያልቅ በእቁብ መልክ በየወሩ ጥቂት ሪያል ለብቻ እናስቀምጥ። ከዚያ ያገለገለ ግን 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ማሽን እንገዛለን። አሮጌውን ደግሞ ከኢንተርኔት ነቅለን ጽሑፍ ለመማሪያ እናውለው፤ ወይም ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነጻ ሲስተም እንጫንበት፣ ለአሮጌ ማሽን ይመቻል። ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ግን እዚያ ላይ አትጠብቁት።

የራሳችሁ ላፕቶፕ ያላችሁስ? 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ከሆነ አታመንቱ፣ ኮፒ አድርጋችሁ ወደ 11 እለፉ። ዊንዶውስ 10ው ሕጋዊ ከሆነ ማሻሻያው በነጻ ነው፤ ሱቅ ለድካሙ ያስከፍላችሁ ይሆናል እንጂ «የፈቃድ» ብሎ ገንዘብ ቢጠይቃችሁ እሺ አትበሉ። ካልተመቻችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። የሚወርደው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ በስልካችሁ ዳታ አትጀምሩት፤ የወር ካርዳችሁን በአንድ ሌሊት ይበላዋል።

ለእህት ለወንድም ላፕቶፕ ልትልኩ ያሰባችሁም ስሙኝ። ዊንዶውስ 11 የማይገባባቸው ማሽኖች አሁን በርካሽ ይቀርባሉ። ዋጋው ሲያማልላችሁ ቁጥሩን እዩ። ከሚሴ ወይም ባቲ የሚማር ልጅ ዘንድ ከደረሰ በኋላ መመለሻ የለውም፤ ያንን ብር ያገኛችሁት ስንት ወለል ወልውላችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

«እኔ ስልክ እንጂ ላፕቶፕ የለኝም» የምትሉ፣ ነገሩ ያው ነው። አብሸር፣ ሐዋላ የምትልኩበት አፕ፣ ዋትስአፕ ሁሉ ስልካችሁ ላይ ነው። አፕዴት ሲጠይቃችሁ በየቀኑ «ቆይ» አትበሉት። ዓርብ ዋይፋይ ያለበት ስትሆኑ አድርጉት፤ ከዚያ በፊት ግን የፓስፖርታችሁን ፎቶ ለምታምኑት ሰው ላኩ።

አዲስ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው የሚል ሰው አይደለሁም። ማዳሞቻችን በየዓመቱ ስልክ ሲቀይሩ እያየን እኛም እንቀይር ማለቴም አይደለም። ግን የአንዲት እህት ስም የተጻፈበት ደብተር ዝናብ ላይ አይተውም። ዓርብ ስንገናኝ ሦስት ነገር ላይ እጅ እናውጣ፦ ሁለት ፍላሽ መግዛት፣ የጥገናውን ምዝገባ መፈጸም፣ ለሚቀጥለው ማሽን መቆጠብ መጀመር። ፓስፖርታችሁ ኮፒ ያልተደረገላችሁ ካላችሁም ያን ቀን ይዛችሁ ኑ፤ እጃችሁ ላይ ከሌለ ፎቶውን።