ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ ጠፈርተኛ፤ አንዱን ብቻ ምረጡ የሚለን ማን ነው?

ይህን የምንጽፍላችሁ ከአቃቂ ቃሊቲ ተነሥተን ወደዚህ ግቢ የመጣን ጥቂት የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን። አባቶቻችን በጨርቃ ጨርቁ፥ በብረታ ብረቱና በጋራዡ እጃቸው በዘይት የጠቆረ ሰዎች ናቸው። ለልጆቻቸው የሚመኙት ሁለት ነገር እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፤ አንድም ዶክተር፥ አንድም ኢንጂነር። ሁለቱንም ሁን የሚል አባት ግን አላጋጠመንም። ከሁለቱም ወጥቶ ሦስተኛ ነገር የሚሆን ልጅማ አበደ ይባላል። እኛም በሰፈር ምን ትማራላችሁ ስንባል ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ነው የምንመልሰው።

በዚህ የተነሣ ነው ስለ ዶክተር ሜይ ጀሚሰን ልንነግራችሁ የወደድነው። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፈነዋል።) በ1949 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአላባማ ተወልደው በቺካጎ ከተማ አደጉ። እናታቸው አስተማሪ፥ አባታቸው የጥገና ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ የአቃቂ ሰው እንዲህ ያለውን ቤት ያውቀዋል። በ16 ዓመታቸው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1969 በኬሚካል ምሕንድስና ተመረቁ። እኛን ያስደነቀን ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከምሕንድስናው ጎን ለጎን የአፍሪካንና የጥቁር አሜሪካውያንን ጥናት ትምህርት አሟልተው ጨረሱ። ማንም «ያንቺ ክፍል አይደለም» ብሎ ከበር አልመለሳቸውም። ደግሞም ዳንሰኛ ነበሩ። ወደ ዳንሱ ልሂድ ወይስ ወደ ሕክምናው እያሉ ሲዋልሉ እናታቸው፥ ሐኪም ሆኖ መደነስ ይቻላል፥ ዳንሰኛ ሆኖ ማከም ግን አይቻልም ብለው መከሯቸው። የእናት ነገር የትም አገር አንድ ነው!

በ1973 ከኮርኔል በሕክምና ተመረቁ። ከ1975 እስከ 1977 በሴራሊዮንና በላይቤሪያ የሰላም ጓድ ሐኪም ሆነው ሠሩ። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ተመልሰው በሽተኛ እያከሙ የምሕንድስና ትምህርታቸውን እንደገና ቀጠሉ፤ ለጠፈር ድርጅቱም አመለከቱ። በጥር 1978 ቻሌንጀር የተባለችው መንኰራኵር ከነሰባት ሰዎቿ በአየር ላይ ጠፋች፤ ምርጫውም ቆመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አይቶ ወደ ክሊኒኩ ይመለስ ነበር። እሳቸው ግን ደግመው አመለከቱ፤ በግንቦት 1979 ከ2000 ያህል አመልካቾች መካከል ከተመረጡት 15 ሰዎች አንዷ ሆኑ። እኛ የአዲስ ዓመት ዶሮ በልተን ባደርን ማግሥት፥ መስከረም 2 ቀን 1985 ዓ.ም.፥ በኢንደቨር ወደ ሰማይ ወጡ፤ ጠፈርን ያየች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ናቸው። በላይ በቆዩበት ስምንት ቀን ገደማ ስለ አጥንት ሕዋሳት መረመሩ፥ የእንቁራሪት እንቁላል ያለ ክብደት እንዴት እንደሚያድግ ተመለከቱ። የሐኪሙም የመሐንዲሱም እውቀት በአንድ ሰው እጅ ተገናኘ ማለት ነው።

«እሱ የሀብታም አገር ወሬ ነው፤ እኛ ሐኪም አጥተን ሳለ ሐኪሙን ወደ ጨረቃ እንላክ ወይ?» የሚለን አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኛም አንንቀውም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 100 ተማሪዎች ግማሹን ነጥብ ያገኙት 3 ያህል ብቻ ነበሩና፥ በዚህ ቀዳዳ ያለፈ ልጅ የያዘውን ክር ለመልቀቅ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ዶክተር ጀሚሰን ሕክምናውን ጥለው አልሄዱም፤ ይዘውት ወጡ እንጂ። አገራችንም ብትሆን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳተላይቷን ከቻይና አስወንጭፋለች፤ መቀበያ ጣቢያውም የተሠራው እንጦጦ ላይ ነው። ከሰማይ የተነሣውን የደረቀ መሬት ሥዕል አንብቦ፥ በዚያ መሬት ላይ ማን እንደሚኖርና ምን እንደሚበላ የሚነግረን መሐንዲሱ ብቻ ነውን? የጂኦግራፊና የታሪክ ተማሪ አያስፈልግምን?

ከቺካጎ ወደ አቃቂ የመጣ ሌላ ታሪክም አለን። ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን የተማሩት የመኪና ጥገና ነበር። መብረር አምሯቸው ቺካጎ ውስጥ የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ቢያመለክቱ በቀለማቸው ምክንያት አልቀበልም አላቸው። እሳቸውም እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፥ መጥረጊያ ይዘው ትምህርቱን ከጥግ ያዳምጡ ጀመር። እኝህ ሰው በ1927 ዓ.ም. አገራችን መጥተው በጠላት ወረራ ጊዜ አየር ኃይላችንን መሩ፤ በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ የእኛው አቃቂ ነበር። በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አረፉ። በሰፈራችን ስንቱ መካኒክ ይህን እንደሚያውቅ እንጃ።

እኛ 11ኛ ክፍል ስንገባ ናቹራልና ሶሻል ተብለን እንደ በግ ተለየን፤ ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለውን አጥር የዘለለ አላየንም። ስለዚህ ማኅበራችን አንድ ነገር ይጠይቅልን፤ የአርት ተማሪ በዓመት አንድ ኮርስ ከሳይንስ፥ የሳይንስ ተማሪም አንድ ኮርስ ከአርት እንዲወስድ፥ ነጥቡም እንዲያዝለት። «ፕሮግራሙ አይመችም» የሚል መልስ እንደሚመጣ ከወዲሁ እናውቃለን። እንግዲያው ፕሮግራሙ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍልን፤ የትኛው ሰዓት ከየትኛው እንደሚጋጭ እኛው ቁጭ ብለን እናየዋለን።