ምንጩ ከፈቃዱ በፊት ይለካ

ለክቡር የማዕድን ሚኒስትር
ግልባጭ፦ ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር

ክቡር ሚኒስትር፣

የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለዓመታት በዶላር ሲገዙት የኖሩትን የድንጋይ ከሰል በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት መሥሪያ ቤትዎ የያዘውን ሥራ አልቃወምም። የምጽፍልዎ ስለ ውሃው ነው።

በያዩም ሆነ በደልቢ ሞዬ ከሰሉ የተኛው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንጣፎች መካከል በተጠራቀመ ደለል ውስጥ ነው። በደጋው አገራችን የገጠሩ ሰው የሚቀዳው ምንጭም ብዙ ጊዜ የሚፈልቀው ከዚሁ ድንጋይ ስንጥቅና ከንጣፎቹ መገናኛ ነው። ላይ ላዩን ያለው ከሰል ሲያልቅ ቁፋሮው ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ያኔ ከሰሉ የወጣበት ዋሻ ጣሪያው ሲደረመስ ስንጥቁ ወደ ላይ ይዘልቃል፤ ከላይ የነበረው ውሃ ወደ ዋሻው ይሰርጋል። ኩባንያው ሥራው በውሃ እንዳይዋጥ ቀን ከሌት በፓምፕ ያስወጣል፤ በአካባቢው ያሉ የእጅ ጉድጓዶች ውሃ ይሸሻል።

የባሰው የሚመጣው ግን ሥራው ካበቃ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ከከሰል ጋር የሚገኘው ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አየርና ውሃ ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል። ፓምፑ ቆሞ ዋሻው ሲሞላ ይህ ውሃ መውጫ ይፈልጋል፤ የወንዙ ድንጋይ ብርቱካናማ አተላ ይለብሳል። በዚያን ጊዜ ካምፑ ፈርሷል፣ ባለፈቃዱም የለም። በጀርመን ሩር የመጨረሻው የከሰል ጉድጓድ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2018 ቢሆንም ፓምፖቹ ዛሬም አልቆሙም። ወጪውን የሚሸፍነው ለዚሁ ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 የተቋቋመ ፋውንዴሽን ነው፤ ማብቂያ ቀን አልተቆረጠለትም። እኛ ከሰል ስንገዛባት በነበረችው ደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ካሮላይና የምትባል ከተማ የቧንቧ ውሃዋ በማዕድን አሲድ ተበክሎ፣ ነዋሪዎቿ ፍርድ ቤት ሄደው በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጠጣ ውሃ እንዲቀርብላቸው አስወስነዋል።

የእኛ ገበሬ ፍርድ ቤት ቢሄድ ምን ይዞ ይቀርባል? ምንጩ ድሮ ምን ያህል ይፈስ እንደነበር የሚናገር ወረቀት የለውም። ኩባንያው “በድርቁ ነው” ቢለው መልስ የለውም፤ ድርቅ ደግሞ አገራችን ውስጥ ሁልጊዜ አሳማኝ ሰበብ ነው። የአሜሪካዋ ፔንስልቬንያ ይህን የማስረዳት ሸክም እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ ወደ ኩባንያው አዙራዋለች፦ ከማዕድኑ በላይና በቅርብ ርቀት ያለ ውሃ ከጠፋ ጥፋቱ የባለማዕድኑ እንደሆነ ይገመታል፤ አለመሆኑን ማስረዳት ያለበትም እሱ ነው፤ ካልቻለ ውሃውን ይተካል። እዚያም ቢሆን ሁሉም ነገር አይተካም። ራየርሰን በተባለው ፓርክ የነበረው ግድብ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሰንጥቆ ሐይቁ እንዲፈስ ተደረገ። መንግሥት ጥፋተኛው ከሥር የተካሄደው ቁፋሮ ነው ብሎ ወሰነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የ36 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። ሐይቁ ግን አልተመለሰም፤ መሬቱ መንቀሳቀሱን አላቆመም ነበርና።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ከባድ ነገር አይደለም። የውስጥ ለውስጥ ቁፋሮ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በዙሪያው ያሉ ምንጮችና ጉድጓዶች በበጋም በክረምትም ይለኩ። ምንጭ ለመለካት ሃያ ሊትር ጄሪካንና የስልክ ሰዓት ይበቃል። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር፣ በቀን 43 ሺህ ሊትር ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። የአሲድ፣ የብረትና የሰልፌት መጠኑን ላቦራቶሪ ያረጋግጥ። ውጤቱም በቀበሌው የውሃ ኮሚቴ እጅ ይቀመጥ፤ አዲስ አበባ ፋይል ውስጥ ብቻ ያለ ልኬት ለገበሬው ምስክር አይሆንለትም። በፈቃዱ ውል ላይ የፔንስልቬንያው ዓይነት አንቀጽ ይግባ፤ የመዝጊያው ገንዘብም ቁፋሮው ሳይጀመር በዝግ ሂሳብ ይያዝ። ምትክ ውሃ ሲባልም ቋሚ ምንጭ ማለት ይሁን፤ ለሁለት ሳምንት መጥቶ የሚቀር ቦቴ በየወረዳው አይተናል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ቅድሚያ እንዲያገኝ ስለደነገገ፣ ይህን በውል ውስጥ ለማስገባት አዲስ ሕግ መጠበቅ አያሻም።

ልኬቱ የዝናቡንም የበጋውንም ወራት ማየት ስላለበት ዓመት ይፈጃል። ማመልከቻቸው ጠረጴዛዎ ላይ ላሉት ኩባንያዎች ይህን ዛሬ ቢነግሯቸው እነሱም ጊዜ አያባክኑም።

ከአክብሮት ጋር