አዲስ ምድጃ ሁሉ ከአሮጌው አይበልጥም

ሰው አዲስ ዕቃ መውደዱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ነገር ግን የዕቃ ማማር ሌላ፥ የዕቃ ማገልገል ሌላ መሆኑን መዘንጋት ጉዳት አለው። በከተሞቻችን አሮጌውን የማይክሮዌቭ ምድጃ አስወግደው አዲስ የገዙ ሰዎች፥ መልኩ ያማረና ዋጋውም የበዛ ሆኖ ሳለ ምግቡን እንደ ፊተኛው አያሞቅም እያሉ ሲያዝኑ እንሰማለን። ይህ ቅሬታ የገንዘብ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጽሑፍ ባላነሣነው ነበር፤ ነገሩ ግን የጤና ነገር ነው።

እኛም በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ክፍል ይህንኑ አይተናል። ሁለት መዘውር ብቻ የነበረው አሮጌ ምድጃ በሩ አልገጥም ስላለ በአዲስ ተለወጠ። በሩ የማይገጥም ምድጃ ሞገድ ሊያፈስ ስለሚችል መወገዱ ተገቢ ነበር። ነገር ግን አሮጌው በ2 ደቂቃ እስኪፋጅ ያሞቀው የነበረውን ሽሮ፥ አዲሱ በዚያው ጊዜ ዳር ዳሩን አሙቆ መካከሉን ለብ እንዳለ ይመልሰዋል። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት በባልደረቦቻችን መካከል የተደጋገመው ስለዚህ ነው።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ይህ ዐይነት ምድጃ የተፈለሰፈው አሜሪካዊው መሐንዲስ ፐርሲ ስፔንሰር፥ ለራዳር የሚያገለግለው ማግኔትሮን የተባለው መሣሪያ ምግብን እንደሚያሞቅ ከተረዳ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. ነው። ከማግኔትሮኑ የሚወጣው ሞገድ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያነቃነቀ ያሞቃል፤ ነገር ግን ጠልቆ የሚገባው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ስለ ሆነ፥ የወፍራም ምግብ መካከል የሚሞቀው የዳሩ ሙቀት ቀስ በቀስ ሲደርሰው ነው። ደግሞም ሞገዱ በምድጃው ውስጥ እኩል አይከፋፈልም፤ አንዱ ስፍራ ሲፈላ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ የምድጃዎች ኀይል ይለያያል። ብዙ ገዢ በካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቁን ቊጥር ያያል፤ ይሁን እንጂ ከመስመር 1,100 ዋት የሚስብ ምድጃ ለምግቡ የሚሰጠው 700 ዋት ያህል ሊሆን ይችላል። የመስመሩ ኀይል ሲደክምም ሙቀቱ አብሮ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ የአሮጌውን ደቂቃ ለአዲሱ ማውረስ አይገባም።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው፥ ያደረ ምግብ ሲሞቅ መካከሉ ሳይቀር ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንዲደርስ ነው። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ተውሳኮች በፍጥነት ይራባሉ። እንግዲህ ለብ ያለ ወጥ ለሕፃን፥ ለነፍሰ ጡር ወይም ለሽማግሌ ማቅረብ፥ ተውሳክን አሙቆ እንደ ማቅረብ ይቈጠራል። አንዳንዱ ተውሳክ የሚተወው መርዝ በማሞቅ ስለማይጠፋ ደግሞ፥ የተረፈው ምግብ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ወደ ማቀዝቀዣ መግባት ይኖርበታል።

ምድጃውን መመዘን ለማንም አይከብድም። 1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በመስታወት ዕቃ ይቀዳና ሙቀቱ በቴርሞሜትር ይለካ። ቴርሞሜትሩ ወጥቶ ምድጃው በሙሉ ኀይሉ 1 ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያም ውሃው ተማስሎ እንደገና ይለካ። የጨመረው ዲግሪ በ70 ሲባዛ የሚገኘው፥ ምድጃው ለምግቡ የሚሰጠው ዋት ነው። 10 ዲግሪ ቢጨምር 700 ዋት፥ 8 ዲግሪ ቢጨምር 560 ዋት ያህል ይሆናል፤ በፊተኛው 2 ደቂቃ የሚበቃው ምግብ በኋለኛው 2 ደቂቃ ተኩል ይፈልጋል ማለት ነው። መምህራን ይህንን ለተማሪዎቻቸው የሳይንስ ትምህርት ቢያደርጉት፥ ዕውቀቱ ከክፍል ወደየቤቱ ይገባል።

በእኛ አስተያየት ነጋዴዎች ለምግቡ የሚሰጠውን ዋት በአማርኛ ጽፈው ሊያሳዩ ይገባል፤ ሠሪዎቹም ቊልፍ ከማብዛት ይልቅ ሙቀቱን እኩል ማዳረስ ቢያስቡበት ይሻላል። የቤት እመቤትና አባወራ በበኩላቸው ምግቡን አሳስተው ያኑሩ፤ ይክደኑ፤ በመካከል ያማስሉ፤ ከወጣም በኋላ 2 ደቂቃ ያህል ያቈዩት። በማብሰያ ቴርሞሜትር መካከሉን መለካት ከሁሉ የታመነ ነው፤ ይህ ካልተገኘ እንፋሎቱ ከመካከሉ ሲወጣ ሳያዩ ለልጅ አያጒርሱ።