ደወሉ ጮኸ፤ ግን የት?



እንደሚታወቀው በመንደራችን የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ያስገባ ቤት እየበዛ ነው። ማስገባቱን አንቃወምም። የምንቃወመው ጮኾ የት እንደጮኸ የማይታወቀውን ነው።

ባለሙያው በየበሩና በየመስኮቱ ማግኔት፣ በየኮሪደሩ ሰንሰር ይተክላል። ለእያንዳንዱ ዞን 1፣ ዞን 2 እያለ ቁጥር ይሰጥና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ሌሊት ሳጥኑ «ዞን 5» ይላል። ዞን 5 የቱ ነው? የፊት በር? ሰርቪስ ቤት? የወጥ ቤቱ ጭስ ጠቋሚ? የሚያውቁት አባወራ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ስልካቸውም አይሠራም።

ባለፈው ክረምት በአንድ ቤት ደወል ሲጮህ ጥበቃውና ጎረቤቱ ዱላ ይዘው የፊት በሩን ከበቡ። ሌባው በጓሮ አጥር ዘሎ ሄደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ እዚህ ግን ውሻው በጊዜው ጮኾ ነበር፣ ሰው ነው ወዴት እንደሚሮጥ ያጣው።

ነገሩ የዕቃ ብቻ ቢሆን ባልጮህን። በብዙ ቤት የጭሱም የሌባውም ምልክት ወደ አንድ ሳጥን ይገባል። ለሌባ በር ይዘጋል፤ ለእሳት ግን በር ተከፍቶ ሕፃንና አዛውንት ይወጣሉ። ሁለቱን ያምታታ ቤት ልጆቹን ከእሳት ጋር ይቆልፋል።

አንዳንዶች «ከተጻፈማ ለሌባ ማሳየት ነው» ይላሉ። ይህ ውሃ አያነሳም። ወረቀቱ የሚለጠፈው ከሳጥኑ ክዳን ውስጥ እንጂ አጥር ላይ አይደለም። ሌባው እዚያ ከደረሰማ ገብቷል! የማይጻፈው የሚስጥር ቁጥሩ ነው። ሌሎች ደግሞ «በቃሌ አውቀዋለሁ» ይላሉ። እርስዎ ያውቁታል፤ ልጅዎስ? ሠራተኛዋስ? ጥበቃውስ?

ስለዚህ፦

1. በየዞኑ ቁጥር አንፃር ቦታው በአማርኛ፣ በጉልህ ይጻፍ። «መኝታ ቤት 2» አይበቃም፤ ከየት ተቆጥሮ ነው ሁለተኛ የሆነው? «የልጆች መኝታ፣ የጓሮ መስኮት» ይባል።

2. የጭስ ዞን በቀይ ይጻፍ፤ ከጎኑ የእሳት አደጋ 939 እና የፖሊስ 991 ይቀመጥ።

3. አንዱ በር ሲከፍት ሌላው ሳጥኑን እያነበበ ሁሉም ዞን ይሞከር። ክፍል ሲቀየር ወረቀቱም ይቀየር።

4. ባለሙያው ይህን ሳይጨርስ ቀሪ ሒሳብ አይከፈለው።

አንድ ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ ነው የጠየቅነው። ለደወሉ ያን ሁሉ ብር ያወጣ ሰው ለዚህ ሰነፍኩ ቢል አንሰማውም፤ ሌሊት ከእንቅልፉ ተነስቶ የሚሮጥለት ጎረቤቱ ነውና።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው