ሰማይ ቤት ምን ይሠራል?

«እማዬ፣ አያቴ ሰማይ ቤት ምን ትሠራለች?» ስትል የጎረቤቴ ልጅ በቀደም ጠየቀች። እናትየዋም «ታርፋለቻ ልጄ» አለቻት። ልጅቱ ግን አልተዋጠላትም። «አያቴ እኮ ሥራ ፈታ መቀመጥ አትወድም ነበር» አለች።

ይህ የሕፃን ጥያቄ እኛን እናቶችንም የሚያሳስብ ነው። ብዙዎቻችን መንግሥተ ሰማያትን የምናስባት የድካማችን ማረፊያ አድርገን ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው ግን በመጨረሻው ቀን የሚቀርበው ጥያቄ የተራበውን ስለ ማብላት፣ የታረዘውን ስለ ማልበስ፣ የታመመውንና የታሰረውን ስለ መጠየቅ ነው። እንግዲህ የሰማይ ቤት ሥራ የሚጀመረው እዚሁ ምድር ላይ ነው ማለት ነው።

ለዚህም ወይዘሮ አበበች ጎበና ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ሲሄዱ አገሩን ረሃብ መቶት አገኙት። ከሞተች እናቷ አጠገብ ያለች ሕፃንም አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር። ለበረከት የያዙትን ለተራቡት አካፍለው፣ ሁለት ወላጅ አልባ ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። በመጀመሪያ የደገፏቸው ባለቤታቸው በኋላ ከእርሳቸውና ከልጆቹ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቋቸው፣ የሞቀ ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ፤ እንጀራ እየሸጡም አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ የመሠረቱት ድርጅት ለብዙ ሕፃናት መጠጊያ ሆኖ ነበር።

ታዲያ እኅቶች፣ ሁላችንም ትዳራችንን ትተን እንውጣ ማለታችን አይደለም። ሥራ ውላ ለምትገባ እናት የገዛ ጓዳዋ ራሱ ሸክም ነው፤ ባልና ልጆች ሊያግዟት ይገባል። ይሁን እንጂ ለአራስ ጎረቤት ገንፎ ማድረስ፣ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊት ውሃ መቅዳት፣ እናቷ ሆስፒታል የተኛችባትን ልጅ ከልጆቻችን ጋር ማሳደር አቅማችን የሚፈቅደው ነው። ልጆቻችንም ከምክር ይልቅ ሲደረግ ያዩትን ይይዛሉ።

ጎረቤቴ በማግስቱ አያትየዋ ዘወትር ይጠይቋቸው ወደ ነበሩት የአልጋ ቁራኛ ሴት ምሳ ይዛ ሄደች። ሳህኑን የያዘችው ልጅቱ ነበረች። ስትመለስም «እማዬ፣ ነገም እንሄዳለን?» አለች።