ጭሱ ከእኛው ማድቤት ነው፦ ግልጽ ደብዳቤ ከየካ ተራራ ሥር

በየካ ተራራ ሥር ላላችሁ አብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎችና ኢማሞች፣ ለወንጌላውያንና ለካቶሊክ አጥቢያ መሪዎች፤ እንዲሁም ለኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ

የካ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ክቡራን አባቶች፣ ክቡራት እናቶች፤

ዘንድሮ የኅዳር ሚካኤል አርብ ዋለ። ማለዳ የቅዳሴው፣ ቀትር ላይ የጁምዓው ድምፅ በአንድ ሰፈር አየር ላይ ተቀባበሉ። በመካከሉ እንደ ልማዳችን በየደጁ የተጠረገው ቆሻሻ ተከምሮ ተቃጠለ፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። ይህን ልማድ ያወረሰን የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው። ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው ያ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ቀባሪ አሳጥቷት ነበር፤ ሰዉም በሽታውን በጭስ ሊያባርር ሞከረ። ከመቶ ዓመት በኋላም ጭስ መድኃኒት ይመስለናል።

የምጽፍላችሁ ግን ስለዚያ አንድ ቀን ጭስ አይደለም። በቀሩት ቀናት ከእምነት ቤቶቻችን ማድቤት ስለሚወጣው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከላይ፣ ከተራራው ነው። ከአለት የተፈለፈለውን ዋሻ ሚካኤልን ለመሳለም ዳገቱን የሚወጣ ሰው ቁልቁል የሚወርዱ ሴቶች ሳይገጥሙት አይቀርም። ወገባቸው ታጥፎ፣ ዓይናቸው ከመሬት ሳይነሣ፣ ከቁመታቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በገመድ ጀርባቸው ላይ ጠፍረው ይወርዳሉ። ሸክሙ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ያልፋል፤ የተሸካሚዋን የራሷን ክብደት የሚስተካከልበት ጊዜም አለ። መንገድ ለቀን እናሳልፋቸዋለን፤ «እግዜር ያበርታሽ» እንላቸዋለን። ከዚያ እኛ ወደ ጸሎታችን እንወጣለን፣ እነሱ ወደ እኛው ማድቤት ይወርዳሉ።

ይህች ከተማ ዕድሜዋን ያገኘችው ከማገዶ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በአካባቢው ያለው ጽድና ወይራ ተጨፍጭፎ ሲመናመን ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መነሣት ደርሶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ባለችበት አቆያት። ባሕር ዛፉን ስንቱ ጽፎለታል፤ ከጫካው እስከ ምድጃው ያመላለሱትን ሴቶች ግን ማን ያነሣቸዋል? እርግጥ ነው፣ በ1980ዎቹ የዓለም የሥራ ድርጅት ጉዳያቸውን አስጠንቶ ነበር፤ በኋላም የቀድሞ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ማኅበር ተቋቁሞ ገመዱን ጥለው ሽመና የያዙ አሉ። በ2013 መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ፤ ተራራው መናፈሻ ሆነ። ሸክሙ ግን ዛሬም ይወርዳል፤ ገዢ አለውና።

ከገዢዎቹ አንዱ እኛ ነን። ለሰንበቴው፣ ለማኅበሩ፣ ለክብረ በዓሉ ዝክር፣ ለኢፍጣሩ፣ ለሰደቃው፣ ለጉባኤው ምሳ ሦስት ጉልቻ ላይ የምንጥደው ብረት ድስት የሚነደው በማን ጀርባ የመጣ እንጨት ነው? (የቤተ ልሔሙን ሥራ አልነካሁም፤ ዕጣኑንም እንደዚሁ። ሥርዓቱ የካህናት ነው። እኔ የማወራው ስለ ሽሮው ነው።)

አክስቴ በአንድ አጥቢያ የሰንበቴ ማድቤት ብዙ ዓመት አገልግላለች። የትኛው አጥቢያ እንደሆነ አልናገርም፤ ማድቤቶቻችን ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸውና መናገሩ ትርጉም የለውም። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፤ መስኮት የለውም፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ወጡን የምታማስለው ሴት በየደቂቃው ወጥታ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርዝ ትጠርጋለች። ሳሉ አልለቅ ሲላት ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ ሳንባዋን በማዳመጫው ሰማና «እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቃት። እንዴት እንደተቆጣች! «እኔ? የሰንበቴ ሴት?» ቤት እስክንደርስ ስታጉረመርም ነበር። እኛም ሳቅን። ሐኪሙ ግን አልተሳሳተም፤ ሳንባ የሲጋራውን ጭስ ከሰንበቴው ጭስ አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየቤቱ ከሚነደው እንጨት፣ ከሰልና መሰል ማገዶ በሚወጣው ጭስ ምክንያት በዓመት ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በዓለም ላይ ይሞታሉ። ከምድጃው የማይለዩት ሴቶችና ሕፃናት ደግሞ ጭሱን ከሁሉ አብልጠው ይስቡታል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ትልቅ እንግዳ ስለሚመጣብን ነው። የተባበሩት መንግሥታት 32ኛው የአየር ንብረት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 በአዲስ አበባ ይካሄዳል። እናንተም በስብሰባው ትጋበዛላችሁ፤ በየእምነታችሁ ልብስ በአንድ መድረክ ተሰልፋችሁ የአየር ንብረት ፍትሕ ትጠይቃላችሁ። ጥያቄውም እውነት ነው። አፍሪካ በሙሉ ዓለም ከሚለቀው በካይ ጋዝ ከመቶ 4 እጅ እንኳ አይደርሳትም። ቦረናና ሶማሌ ግን ከ2013 እስከ 2015 አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ ነሥቷቸው የከብቱን ሬሳ በየሜዳው ቆጠሩ። ጥፋቱ የሌላ፣ ዕዳው የእኛ ሆነ። ይህን ለባለጸጎቹ አገሮች ፊት ለፊት መንገር ግዴታችሁ ነው።

ነገር ግን ያው ሚዛን ወደ ቤታችን ሲዞር ምን ያሳያል? እንጨቱን የምትሸከመው ሴት ከሁላችንም ያነሰ ታነድዳለች፤ ከሁላችንም የበለጠ ትከፍላለች። የተሸከመችውን ትሸጥና ራሷ በቅጠል ታበስላለች። በትልቁ ዓለም የምንከስሰው ግፍ በየካ ዳገት ላይ በትንሹ ተቀርጾ ቆሟል። ከሳሾቹ እኛ፣ ገዢዎቹም እኛ።

«ሌላ ምን አማራጭ አለን?» እንዳትሉ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ቦንዱን የገዛው የእናንተው ምእመን፣ የእናንተው ጀመዓ ነው። የአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል ከሞላ ጎደል ከውኃና ከነፋስ የሚገኝ ንጹሕ ኃይል ነው፤ ብዙ ሀብታም አገሮች ገና ያልደረሱበት ነገር። ሆኖም በዚህች አገር አብዛኛው ማድቤት ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ግድቡ ጉባ ላይ ቆሞ ጉልቻው የካ ላይ ካልተነቀለ ለማድቤቷ ሴት ምን ተለወጠላት?

ችግሩን አቃልዬ አላየሁትም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ሦስቱን ባንዴ ስትሰኩ ቆጣሪው ይወርዳል። መብራት ይጠፋል፤ ያውም በበዓል ዋዜማ። ታሪፉም ከ2017 ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ስለዚህ ጉልቻውን በአንድ ሌሊት ጣሉ አልላችሁም። ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ለመጠየቅ ግን ተቋም መሆን ይበቃል፤ ለዚያች ምስኪን ሴት የማይከፈት ቢሮ ለእናንተ ይከፈታል። መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ የሚሆን «ምርጥ» የተባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም አለ፤ የእንጀራውን ማገዶ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጣሪያችሁም ሰፊ ነው፤ ፀሐይም አናጣም። ሞሮኮ እ.ኤ.አ. በ2014 600 መስጊዶቿን በፀሐይ ኃይልና በቆጣቢ አምፖል ለመቀየር ዕቅድ አውጥታ ሥራ ጀምራለች።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ነገ ጠዋት ሁላችንም ምጣድ ሰክተን እንጨት መግዛት ብናቆም የመጀመሪያዋ ተጎጂ ማን ናት? ያቺው ሴት ናት። በዳገቱ ወርዳ ደጃችን ስትደርስ «አንፈልግም» ብንላት የዚያን ቀን ዳቦዋን ቀማናት ማለት ነው። ፍትሕ ብለን ጀምረን ግፍ ላይ እናርፋለን። ንጹሕ ኃይል የሚባለው ነገር ብዙ ቦታ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምድጃውን ይለውጡና ሴትዮዋን ይረሷታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ፤ ከሴቶቹ ይጀመር። በየካና በእንጦጦ ግርጌ ያሉ እንጨት ተሸካሚዎች በማኅበር ይደራጁ፤ እናንተ ቦታውን፣ ምጣዱንና የመነሻውን ገንዘብ በጋራ አቅርቡላቸው፤ እንጀራ በኤሌክትሪክ ይጋግሩ። ሰበካ ጉባኤው የሰንበቴውን፣ መስጊዱ የኢፍጣሩን፣ ወንጌላውያኑ የጉባኤያቸውን እንጀራ ከእነሱ ይግዛ። እንጀራ ደግሞ ሃይማኖት የለውም፤ ማንም ቢጋግረው ማንም ይበላዋል። ጫካውን ከማንም አብልጠው የሚያውቁት እነሱ ስለሆኑ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ኮሶውንና ዝግባውን መልሶ የማልማቱ ሥራም በደመወዝ ይሰጣቸው። በደቡብ ጎንደር ቀሳውስቱ ከዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ጋር መክረው የቤተ ክርስቲያናቸውን ደን በድንጋይ ቅጥር አጥረው ከከብትና ከመጥረቢያ አትርፈውታል። የእኛ ተራራ ቅጥር ሊሠራለት አይችልም፤ ደመወዝ የሚከፈላት ሴት ግን ከቅጥር ትበልጣለች።

«ከሌላው እምነት ጋር በማድቤት ጉዳይ እንዴት እንተባበር?» የሚል ካለ ወደ ዕድራችን ይመልከት። ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ብረት ድስቱ ሁለት፣ ቢላውም ሁለት። የክርስቲያኑ ሥጋ ለብቻ፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ ሐዘኑን ግን አብረን እንቀመጣለን። ማንም ከሃይማኖቱ ሳይጎድል ይህን ሲያደርግ የኖረ ሰፈር ምጣድ በጋራ መግዛት ያቅተዋል?

መግለጫ አላጣንም። በ2007 ዓ.ም. ሰኔና ነሐሴ ላይ፣ በሁለት ወር ልዩነት፣ ሮም ላይ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ «ላውዳቶ ሲ» የተባለው መልእክት፣ ኢስታንቡል ላይ የሙስሊም ሊቃውንት የአየር ንብረት መግለጫ ወጥተዋል። የእኛውም የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ከተመሠረተ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ ስለ ሰላም ደጋግሞ ተናግሯል። ሌላ መግለጫ አልለምናችሁም።

የምለምናችሁ ቀን ነው። በመጪው የካቲት 9 ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ረመዳንም ጨረቃዋ ከታየች በዚያው ሳምንት ይገባል። ሁለት ታላላቅ ጾሞች በአንድ ሳምንት ሲጀመሩ፣ በዚያ ሳምንት ከየካ ግርጌ ቢያንስ አንድ የጋራ መጋገሪያ ምጣዱን ያሙቅ። ለመመካከር ደግሞ አዳራሽ አትፈልጉ። ከታኅሣሥ ሚካኤል ማግስት፣ ሰኞ ታኅሣሥ 13፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ላኩ፤ ከተራራው የሚወርደው መንገድ ዳር፣ ገና ሳይነጋ እንገናኝ። እኔ ቡና አስፈልቼ እጠብቃችኋለሁ። ሴቶቹ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ መንገድ ላይ ናቸው።

አክባሪያችሁ፣
የየካ ነዋሪ