ጭሱ ቢምቢን ያርቃል፣ ኩሬው ግን ይወልዳታል

የክረምቱ ዝናም አብቅቶ መስከረም ሲጠባ፣ በቆላውና በወይና ደጋው አገራችን ወባ የምትበረታበት ወራት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ አመሻሹ ላይ በየቤቱ ጢንጁት፣ ወይራ ወይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲጤስ ማየት የተለመደ ነው። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች ይህን ልማድ እንደ ድንቁርና ቆጥረው ይንቁታል፤ ሌሎች ደግሞ የአባቶቻችን ቅጠል ሳለ አጎበርና ርጭት ምን ያደርጋል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

ንቀቱ ስሕተት መሆኑን እንዶድ ይመሰክራል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሴቶቹ እንዶድን ለእጥበት ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር፤ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስረዳው ግን በልክ የተደረገ ምርመራ ነው። በቢምቢም ረገድ እንደዚሁ ነው። ከፓይረትረም አበባ የሚወጣው ቅመም ነፍሳትን ይገድላል፤ ዛሬ አጎበር የሚነከርበትም መድኃኒት የእርሱን ጠባይ ተከትሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ከኒም ዛፍ ዘር የሚወጣው ንጥር የቢምቢን እጭ እድገት ያግዳል። የሎሚ ሽታ ካለው ባሕር ዛፍ ተጣርቶ የሚዘጋጀው ቅባትም ለጥቂት ሰዓታት ቢምቢን ከሰው ገላ ያርቃል።

ነገር ግን በቅጠል ብቻ መተማመን ከንቀቱ ይልቅ ያስፈራል። ወባን የምታስተላልፈው ሴቷ አኖፌለስ አብዛኛውን ጊዜ የምትናከሰው በሌሊት፣ ማለትም ጭሱ በርዶ ቤተ ሰቡ በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። ጭሱም ቢሆን ቤት ሲሞላ የሕፃናትን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። በቤት የተጨመቀ ቅጠልም ልኩ አይታወቅም። ከተክል የተገኘ ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ሐሰት ነው፤ እንዶድ ራሱ ዓሣ ይገድላልና። ስለዚህ ማንም ሰው በግምት የጨመቀውን ሰውና ከብት በሚጠጡት ውሃ ውስጥ ሊያፈስስ አይገባም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 በአገራችን በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመና 150,000 ያህል እንደ ሞተ ተገምቷል። በዚያ ዘመን ወይራውም ጢንጁቱም በአገሩ ነበሩ። ጭስ ብቻውን ወረርሽኝ አያቆምም።

የከተማ ሰውም ወባ የቆላ ገበሬ በሽታ ናት ብሎ አይዘናጋ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በቀብሪ ደሃር በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በከተማ በርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች።

እንግዲህ መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ወደ ትምህርት ቤቱ አጥር ግቢ አውጥታችሁ በቆመ ውሃ ላይ የሚዋኘውን እጭ አሳዩአቸው። ከእንቁላል ተነሥቶ ክንፍ እስኪያወጣ በሙቅ ስፍራ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ስለሚበቃው፣ በየሳምንቱ ኩሬውን ማፋሰስና መድፈን፣ በርሜሉንም አጥቦ መክደን የልጅ አቅም የሚችለው ሥራ ነው። የቀለም ትምህርቱም ከዚህ ጋር ይሂድ፤ አያቶቻቸው የሚያጤሱትን ቅጠል ስሙንና መልኩን መዝግበው ያምጡ። ይህ መዝገብ ነገ ለሚመረምረው ሰው መነሻ ይሆናል።

ማጤስ የፈለገ ልጆቹን ከቤት አስወጥቶ ያጢስ፤ ሲመሽ ግን አጎበሩን ይዘርጋ፣ የርጭት ሠራተኞችም ሲመጡ በሩን ይክፈት። ትኩሳት የያዘው ሕፃን ካለም ቅጠል እየተጨመቀለት ቀን አይቈጠር፤ ሳይውል ሳያድር ደሙ ይመርመር። የአባቶቻችን እውቀት የሚከበረው በልክ ሲፈተንና በቦታው ሲውል ነው፤ አለቦታው የገባ ዕለት ግን ልጅ ያስቀብራል።